ሻሸመኔን ያለፉ ፊልሞች

ጳጉሜ በገባ ቁጥር አንድ ጓደኛዬ ሱቄ ድረስ መጥቶ «ዘንድሮ ምን አሪፍ ፊልም አየህ?» ይለኛል። አራት አምስት ስም እነግረዋለሁ። ሁሉንም ፍላሽ ላይ ያስጭናል፣ አንዱን ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያያል፣ ከዚያ እንቅልፍ። መስከረም ላይ ተመልሶ መጥቶ ይሰድበኛል። ዘንድሮ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። እሱም ያንብበው፣ እናንተም አንብቡት።

መጀመሪያ መለኪያዬን ልንገራችሁ፤ ኮከብ ምናምን አልሰጥም። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የስልክ ዕቃ ስለምሸጥ በወር አንዴ መርካቶ እወጣለሁ። ቀን ዕቃዬን ገዝቼ አስራለሁ፣ ማታ ሲኒማ እገባለሁ፣ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ተገኝቼ ወደ ቤቴ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊልሙ የሚፈተነው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሞጆ ሳንደርስ ከጭንቅላቴ የወጣ ፊልም ገንዘቤን በልቶኛል ማለት ነው። መቂ ደርሰን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲጫን እያየሁ አሁንም የማስበው ከሆነ ደህና ነው። ባቱ ከደረሰ ጥሩ ነው። አርሲ ነገሌን ካለፈ ለሰው እመክረዋለሁ። ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ድረስ አብሮኝ የሚገባ ግን በዓመት ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው።

ቤቴ ተቀምጬ ያየሁትን ደግሞ በእግሬ ነው የምለካው። ማታ አየዋለሁ፣ በነጋታው ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በሐይቁ ዳር ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል እራመዳለሁ። ዓሣው የሚበለትበት ጋ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ተሰልፈው ትርፍራፊ የሚጠብቁበት ድረስ ፊልሙ ካልለቀቀኝ አልፏል።

አንድ ነገር ደግሞ። የእኔ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ነው። ፈረንጅ የዓመቱን ምርጥ ብሎ ዝርዝር ሲያወጣ እኛ ገና ታኅሣሥ ላይ ነን፣ ስለዚህ የእነሱን ዝርዝር አምጥታችሁ እንዳታጣሉኝ። ኦፕንሃይመር የት ገባ የሚልም አይጠፋም። ሐምሌ 14 ቀን 2015 ነው የወጣው፣ አምና ተወዶ አልቋል። ባርቢም ያው በዚያው ቀን።

እንግዲህ ልጀምር። «ዱን ክፍል ሁለት»። ጥቅምት ላይ ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ የሆሊውድ ተዋንያን አድማ መቱና ወደ የካቲት 22 ተገፋ። እኔ መጋቢት ላይ ደረስኩበት። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ መርካቶ ስዞር ውዬ ምሳ የሚባል አልበላሁም ነበር፣ መሀል ላይ ያዞረኛል ብዬ ፈርቼ ነው የገባሁት። ረሃቤ ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ላላያችሁት፦ አራኪስ የሚባል ደረቅ ፕላኔት አለ። አሸዋው ሥር የባቡር ፉርጎ የሚውጥ ትል ይኖራል። ቅመም የሚሉት ውድ ነገር እዚያ ብቻ ስለሚገኝ ትልልቆቹ ቤተሰቦች ይተላለቁበታል። ፖል የሚባለው ወጣት አባቱ ይገደልበትና ከእናቱ ጋር ወደ በረሃው ሰዎች፣ ወደ ፍሬመኖች ይሸሻል። እነሱ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነቢይ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ያ ትንቢት ከሰማይ አልወረደም። አንድ ቀን ይጠቅመናል ብለው ከብዙ ዘመን በፊት ሆን ብለው የዘሩት ሴቶች አሉ። ፖል ያውቃል። እናቱም ታውቃለች፣ እንዲያውም ከሴቶቹ አንዷ ናት። ስቲልጋር የሚባለው የፍሬመን አለቃ ግን አይገባውም፣ እንዲገባውም አይፈልግም። ፖል «እኔ አይደለሁም» ሲል ሰውየው «አያችሁ ትሕትናውን! እሱ ነው!» ብሎ ይብሳል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ «እኛም ሰፈር አለ እንዲህ ያለ!» ብሎ ጮኸ፣ ሌላ ዙር ሳቅ። በኋላ ላይ ግን ያው ስቲልጋር ያንኑ እምነቱን ይዞ ወደ ጦርነት ሲሮጥ ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ ያንን ዝምታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዘጋጅልን ነበር ማለት ነው። ቻኒ ብቻ ናት፣ ዜንዳያ የምትጫወታት፣ የምትወደውን ልጅ «ሰው ነህ፣ ሰው ሁን» የምትለው። መጽሐፉ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ እዚያ ውስጥ ቻኒ እንዲህ አትሞግተውም። ቪልነቭ ለውጦታል፣ እሰይ።

ፖል ትሉን መጀመሪያ የሚጋልብበትን አልተርክም። ወንበሬ ነው የተንቀጠቀጠው። እግሬን አንስቼ ተቀመጥኩ፣ አላፍርም። ይህን በስልክ ያየ ሰው «ያን ያህል አይደለም» ሲለኝ አልከራከርም፣ አዝንለታለሁ።

ሌላው ውሃው ነው። ፍሬመኖች የገዛ ላባቸውን እያጣራ የሚያጠጣቸው ልብስ ይለብሳሉ፣ ከሞተ ሰው እንኳ ውሃውን አውጥተው ያስቀምጣሉ። በነጋታው ሐዋሳ ገባሁ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ግቢው ውስጥ ቢጫ ጀሪካን በጀሪካን ተሰልፏል። እናቴ ሰሐን ያለቀለቀችበትን ለአበባዎቿ፣ ልብስ ያጠበችበትን ለሽንት ቤት ስትደለድል አየኋትና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ ፍሬመን ናት። ውጤት፦ ዱን ሐዋሳ ገብቷል፣ ግቢዬ ውስጥ ጭምር።

ስለ ሲኒማ ቤት ካነሳሁ አንድ የታዘብኩት አለ። «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» የማርቲን ስኮርሴዚ ነው፣ ጥቅምት ላይ ወጣ፣ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ። ያለ እረፍት እንዲታይ ተብሎ የተሠራ ፊልም ነው። እኔ የገባሁበት አዳራሽ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ መብራት ጠፋና እረፍት ሆነ። ጄኔሬተሩ አልነሳም አለ። ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን። ስንመለስ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ዘለውብን ነው የጀመሩት። «መልሰው! መልሰው!» ተባለ፣ ተጮኸ፣ ማንም አልመለሰውም። ሰው እኮ መቼ እንደተገደለ ሳናይ ለቅሶው ላይ ደረስን። «መብራት ከጠፋ ገንዘብ እንመልሳለን» የሚል ወረቀት ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ መብራቱ «መጥቷል» ስለተባለ ወረቀቱም አልሠራም።

ፊልሙ ግን ክፉ አይደለም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ኦሴጅ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች መሬታቸው ላይ ነዳጅ ወጣላቸው፣ ሀብታም ሆኑ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። እውነተኛ ታሪክ ነው። ሊሊ ግላድስተን የምትጫወታት ሞሊ ባሏን ትወደዋለች። ባሏም ይወዳታል፣ እየወደዳት ይመርዛታል። ይህቺ ሴት ብዙ አትናገርም፣ ዓይኗ ነው የሚናገረው። ዲካፕሪዮና ዴኒሮ አፋቸው እስኪደርቅ ሲያወሩ እሷ ዝም ብላ ታያቸዋለች፣ አለቀላቸው። አርሲ ነገሌን አልፏል። አሥሯን ደቂቃ ባይበሉብኝ ሻሸመኔ ይደርስ ይሆን ነበር።

«ፊውሪዮሳ» ባቱ። በረሃ፣ ሞተር፣ አቧራ፣ ፍንዳታ። አንድ የጭነት መኪና ላይ የሚደረግ ውጊያ አለ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱን ብቻ ለመቅረጽ 78 ቀን ፈጅቷል። የሚገርመው መኪና ውስጥ ሆኜ ስለ መኪና ፊልም ማሰብ ነው። ሹፌራችን አይሱዙ ሊቀድም ሲወጣ ልቤ ዘለለ፣ «ወንድሜ፣ ፊልሙን ትናንት አይቼዋለሁ፣ ቀስ በል» ልለው ምንም አልቀረኝ።

«ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ዱከም። ሞጆም አልደረሰ። ቀልዱን ለመሳቅ ከዚያ በፊት የወጡ ሠላሳ ምናምን ፊልሞችን ማየት አለብህ፣ እኔ ደግሞ አይቻቸዋለሁ፣ ግን ፊልም እንደ ሚኒስትሪ ፈተና ሲሆን ይደብራል። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ነበር፣ ወጣቱ ሲፈነድቅ ነበር፣ ስለዚህ ምናልባት ያረጀሁት እኔ ነኝ።

ዱከም ካልኩ አይቀር፣ ገና ያላየሁት ግን እንደ ጦም ፍቺ የምጠብቀው አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ፣ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ»። ዱከም ያለውን የቻይኖች ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚያሳየው፤ ሺንያን ዩ እና ማክስ ደንከን ሠርተውት ኒውዮርክ ትራይቤካ ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። የፋብሪካ አለቃ የሆነች ቻይናዊት አለች፣ የመሬቷ ነገር የሚያሳስባት ገበሬ ሴት አለች፣ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ አለች። እኛም እኮ ፓርክ አለን። የሐዋሳው ሲከፈት ሰፈራችን ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የነበሩት ልጆች አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ያድሩ ነበር፣ ሌሊት ሰርቪስ ሲመጣ የጫማቸው ኮቴ ያስነሳን ነበር። አጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉ፣ ተቋርጦ ድርጅቶች ሲወጡ ግማሾቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። ከስልክ ሱቄ በዱቤ ቀፎ ወስዳ ሄዳ ከዚያ ከገጠር ገንዘቡን የላከችልኝ ልጅ አለች። እነሱን የሚመስል ሰው ስክሪን ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ሐዋሳ አምጥቶ የሚያሳየው ከተገኘ ወንበር እደረድራለሁ፣ ቃሌ ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር ያየሁት «ኢንሳይድ አውት 2» ነው። ክረምት ላይ። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር፣ ጥፍሯን እስከ ሥሩ በልታዋለች። የካርቱን ፊልም እንይ ስላት «አጎቴ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» አለችኝ። ፈንዲሻ ሲጨመርበት ሕፃን ሆነች።

ራይሊ የምትባል ልጅ ናት፣ 13 ዓመቷ ነው፣ ታሪኩ የሚካሄደው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። በፊተኛው ፊልም ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃትና መጸየፍ ነበሩ። አሁን ጉርምስና መጣና አዳዲስ ተከራዮች ገቡ፦ ጭንቀት፣ ቅናት፣ እፍረት፣ ድብርት። ድብርት ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን የምትነካካዋ ናት፤ የእህቴ ልጅ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ደስታ የሚባል ሰው ሞልቶናል፣ ጭንቀት ብሎ ልጁን የሰየመ ግን አላጋጠመኝም። ቢሆንም ጭንቀት እዚህ ክፉ አይደለችም። ልጅቷን ልትጠብቃት ነው የምትሮጠው፣ ገና ያልመጣውን ሁሉ አስባ፣ አስልታ፣ እስከ ሌሊት ሥዕል እያስሣለች። በመጨረሻ መቆም አቅቷት እንደ አውሎ ንፋስ ስትሽከረከር፣ ራይሊም ትንፋሽ ሲያጥራት፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ፈንዲሻ መብላት አቆመች። «አጎቴ፣ እኔም ፈተናው ጠዋት እንደዚህ ሆኜ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። ለእናቷ አልነገረቻትም ነበር። ይህ ፊልም ከ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ እኔን ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኛለች። ሻሸመኔን አለፈ። ውጤቷም መጣ፣ ደህና ነው፣ ጥፍሯም እየበቀለ ነው።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ፣ ወደ እግር መለኪያው።

«ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ስሰማ ናቅሁት። ጎድዚላ ማለት ለእኔ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የምናየው፣ ሕንፃ የሚረግጥ እንሽላሊት ነው። የመጀመሪያው በ1954 እ.ኤ.አ. ጃፓን የወጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያልተሠራበት የለም። ይኼኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ሺኪሺማ የሚባል አብራሪ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ አውሮፕላኑን ከጠላት መርከብ ጋር አላትሞ እንዲሞት የተላከ ነው። መሞት አልፈለገም። ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ዋሽቶ አንዲት ደሴት ላይ አረፈ። ወደ ቶኪዮ ሲመለስ ከተማው አመድ ነው፣ እናት አባቱ የሉም፣ ጎረቤቱ ሴትዮ ልጆቿን አጥታ «አንተ ለምን ተመለስክ?» ትለዋለች። ጎድዚላው ከመምጣቱ በፊት እኔ አልቅሻለሁ እኮ!

አገሩ በጦርነት ዜሮ ገብቷል፣ አውሬው ሲመጣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማይነስ ዋን ማለት ይኸው ነው። ሰውየው በሥጋ የማትዛመደውን አንዲት ሴትና እሷም መንገድ ላይ ያገኘቻትን ሕፃን ቤቱ አስገብቶ ይኖራል፣ ግን ቤተሰቤ አይልም። በሕይወት መኖሩ ራሱ ያሳፍረዋል። ቤቱ ውስጥ ትንሽ ደስታ በበራ ቁጥር ያ ነገር ከባሕር ይወጣል። እንዴት እንደሚያልቅ አልናገርም። ፊልሙ መሞትን ሳይሆን መኖርን እንደ ጀግንነት ይቆጥራል፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ዝም ይላል።

ወጪው ደግሞ ይገርማል። ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ነው የተነገረው፣ ለሆሊውድ የሻይ ነው። ኢፌክቱን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው፣ ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ራሱ ከመሀላቸው ነው። ኦስካር መጋቢት 2 ንጋት ላይ በእኛ ሰዓት ሲሰጥ ዳታ ገዝቼ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። በምርጥ ኢፌክት የነዚያን ባለ ብዙ ሚሊዮኖች ፊልም ሁሉ ጥሎ አሸነፈ። ሰዎቹ የጎድዚላ ጥፍር ተረከዝ ያለው ጫማ አድርገው፣ የአሻንጉሊት ጎድዚላ ይዘው መድረክ ወጡ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። እናቴ ከዚያኛው ክፍል «ጎል ነው?» አለችኝ።

ፊልሙን ባየሁ በነጋታው አሞራ ገደል ደረስኩ፣ ዓሣ ሾርባ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ጎድዚላው አልለቀቀኝም። ሐይቁን ራሱ በጥርጣሬ ነው ያየሁት፤ ጉማሬ ብቅ ቢል እሮጥ ነበር።

በዚያው ሌሊት የተሸለመ ሌላም አለ፣ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»። ይህን በስልክ፣ በኤርፎን፣ መብራት አጥፍቼ ነው ያየሁት። ትልቅ ስክሪን ትልቅ ስክሪን ስል የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ግን ይህ ፊልም በጆሮ ነው የሚታየው። አንድ ጀርመናዊ ቤተሰብ አለ። ግቢያቸው አበባ፣ ጎመን፣ የሕፃናት መዋኛ። አባትየው ሩዶልፍ ሆስ ነው፣ የአውሽቪትዝ አዛዥ። የግቢው አጥር የካምፑ አጥር ነው። ካሜራው ከአጥሩ ወዲያ የሚፈጸመውን ግፍ አያሳይም። ድምፁ ግን ይሻገራል። ሴትየዋ አበባዋን ለእናቷ ስታስጎበኝ፣ ከወዲያ በኩል የሚሰማውን እናንተ ትሰሙታላችሁ፣ እሷ አትሰማውም። ትሰማለች እንጂ፣ ለምዳዋለች። ሁለት ጊዜ ኤርፎኔን አውልቄ ከውጭ የመጣ ጩኸት መሰለኝና አዳመጥኩ። እንቁራሪት ብቻ ነበር። በድምፅ ኦስካር ሲያገኝ ማንም ምን ይላል?

ደረጃ ልሰጠው አልቻልኩም፣ በነጋታው አልተራመድኩም። አጥሬ ሥር ቆሜ የጎረቤቴን ግቢ ድምፅ ሳዳምጥ ሱቅ ዘግይቼ ከፈትኩ።

ፊልሙ ውስጥ የምትጫወተው ሳንድራ ሁለር «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ላይም አለች፣ ባሏን ገድላለች አልገደለችም የሚል ክርክር። ጥሩ ነው፣ ባቱ። እዚያ ላይ የሚጫወተው ውሻ በእውነተኛ ስሙ ሜሲ ይባላል። ይህን ለኳስ ጓደኞቼ ነግሬ ነው ሁለት ሰው እንዲያዩት ያደረግኩት።

«ፐርፌክት ዴይስ»ን ለማን እንደምመክረው ይቸግረኛል። ምንም አይሆንም። ሂራያማ የሚባል ሰውዬ ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ ሽንት ቤት ያጸዳል። ይነሳል፣ ፍራሹን ያጥፋል፣ አትክልቱን ውሃ ያጠጣል፣ ከማሽን ቡና ይገዛል፣ መኪናው ውስጥ ካሴት ያጫውታል፣ ያጸዳል። ምሳውን ዛፍ ሥር ይበላና በቅጠሎቹ መሀል የሚያልፈውን ብርሃን በአሮጌ ባለ ፊልም ካሜራ ያነሳል። ማታ መጽሐፍ ያነባል፣ ይተኛል። በነጋታው ያው። ያ ጓደኛዬ ይህን ቢያይ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያንኮራፋል፣ ስለዚህ እሱን አይመለከትም።

ዳይሬክተሩ ቪም ቬንደርስ ጀርመናዊ ነው፣ ጃፓን ግን የራሷ አድርጋ ለኦስካር ልካዋለች። ሂራያማን የሚጫወተው ኮጂ ያኩሾ ካን ፌስቲቫል ላይ በምርጥ ተዋናይነት ተሸልሟል፣ ሲያንሰው ነው። ሽንት ቤቶቹ ራሳቸው ጉድ ናቸው፤ አንዱ ግድግዳው መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል፣ ገብተህ ስትቆልፈው ይደፈናል። እኔ ብሆን መደፈኑን አምኜ አልገባም።

ይህን ያየሁ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ሌሊት ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ዋናውን መንገድ የሚጠርጉት እናቶች ሻሻቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስረው ቅጠሉን ይሰበስባሉ። ሐዋሳ ንጹሕ ናት ብሎ የሚያደንቅ እንግዳ ሁሉ የሚነሳው እነሱ ከጨረሱ በኋላ ነው። አንዷ፣ ሁሌም የማልፋት፣ ከመጥረጊያዋ ጋር የታሰረች ትንሽ ሬዲዮ አላት። ስንት ዓመት አልፌያታለሁ፣ ሬዲዮዋን ያየሁት ያን ቀን ነው። «እንዴት አደሩ እማማ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» አሉኝ። ፐርፌክት ዴይስ አሞራ ገደልን አልፏል።

የመጨረሻው «ኢዮ ካፒታኖ» ነው። ጣሊያን ውስጥ የወጣው ጳጉሜ 2 ቀን 2015 ነው። በራሴ ሕግ የአምና ፊልም ሊሆን ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ጣስኩት።

ማቴዮ ጋሮኔ ነው ዳይሬክተሩ። ሰይዱና ሙሳ የዳካር ልጆች ናቸው፣ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ 16 ዓመት። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፣ ከበሮ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ የሚወዱት ቤተሰብ አለ። ግን አውሮፓ ሄደን ዘፋኝ እንሆናለን ብለው በድብቅ የቀን ሥራ እየሠሩ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ሰይዱ ለእናቱ ጫፏን ሲነግራት ትቆጣዋለች፣ እሱም «ቀልዴን ነው» ይላል። ከዚያ ሳይሰናበት ይሄዳል። ማሊ፣ ኒጀር፣ ሰሐራ፣ ሊቢያ። ፒክአፑ ላይ የተጫነ ሰው በረሃው ላይ ሲወድቅ መኪናው አይቆምም። እስር ቤት ውስጥ የቤትህን ስልክ ቁጥር ስጥ እያሉ ያሠቃያሉ። በመጨረሻ ዋና የማይችለውን ልጅ፣ ዕድሜህ ትንሽ ነው፣ ቢይዙህም አያስሩህም ብለው የጀልባው ካፒቴን ያደርጉታል። መሪውን የሚያስተምሩት በደቂቃዎች ነው።

ሰይዱን የሚጫወተው ሰይዱ ሳር ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የወጣት ተዋናይ ሽልማት አገኘ፣ ጋሮኔም የምርጥ ዳይሬክተር። በረሃው ላይ አንዲት ሴት መራመድ አቅቷት ትወድቃለች፣ ሰይዱ ጥሏት መሄድ ይከብደዋል። ከዚያ በምናቡ እጇን ይዞ ሲራመድ እሷ አየር ላይ ተንሳፍፋ ትከተለዋለች፣ አረንጓዴ ልብሷ እየተውለበለበ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ፊልም ውስጥ ባየው ቅሽም ነው እል ነበር።

ይህን ብቻዬን አላየሁትም። ጎረቤቴ የባጃጅ መካኒክ የሆነ ልጅ አለ፣ እጁን ታጥቦ መጥቶ አብሮኝ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። በሞያሌ ነው የሄደው፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። አሁን ሱቅ አለው፣ ገንዘብ ይልካል፣ ሰፈሩ ውስጥ እንደ ምሳሌ የሚጠራ ነው። ልጁ ፊልሙ ሲጀምር ያወራ ነበር። ፒክአፑ ላይ ዝም አለ። እስር ቤቱ ሲመጣ «ቆይ አቁመው» ብሎ ወጥቶ ውሃ ጠጣ፣ ተመለሰ። ሲያልቅ መብራቱን ሳላበራ «ስልክ ቁጥር ስጡ የሚሉት ነገር» አለ፣ «አንድ ጊዜ ከማላዊ ተደውሎልን ነበር። እማዬ ናት ያነሳችው። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አልነገረችንም፣ ላሟን ግን ሸጠች።» ሌላ አላለም።

አሞራ ገደል፣ ሻሸመኔ፣ ምናምን የሚባል ነገር ለዚህ አይሆንም። መንገዱ ፊልሙ ውስጥ ነው ያለው።

ፍላሹን ልውሰደው አለኝ፣ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ሱቄ መጥቶ መለሰልኝ። ማታ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ጎድዚላ አለ። ፐርፌክት ዴይስ አለ። የውሻው ሜሲም አለ። ኢዮ ካፒታኖ የለም። በነጋታው ጋራዥ ሄጄ ስጠይቀው ከባጃጁ ሥር ሳይወጣ «አጥፍቼዋለሁ» አለኝ። «እማዬ አንድ ቀን ከአንተ ቤት እንዳታየው ብዬ ነው።»

ስለዚህ ጓደኛዬ፣ ፍላሽህን ይዘህ ስትመጣ ሌሎቹን ከእኔ ትጭናለህ፤ እሷን ሌላ ቦታ አስጭናት።